የስልክ እንግዶች

መቱን አላውቃትም ነበር ብል ውሸት ነው፤ ከላይ አውቃታለሁ። ሥራዬ ከሳተላይት የተነሳ ፎቶ እያየሁ ለሾፌሮች ስልክ የሚሆን የመንገድ ካርታ ማረም ነው። የመቱን ቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ የያዮን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ ከጎሬ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ሁሉ ጉለሌ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ በጣቴ ነድቼበታለሁ። ችግሩ ጭቃ ከላይ አይታይም።

ከኖፓ ወጣ ብላ ካለች አንዲት መንደር ወደ ቢሯችን ቅሬታ መጣ። «ካርታችሁ መኪና ሁሉ ጭቃ ውስጥ እየከተተብን ነው» ይላል። አለቃዬ ከዚሁ ሆኜ እንዳስተካክለው ነገረኝ። ፎቶውን ከፈትኩ፤ መንደሯ ላይ ደመና ተኝቶባታል። የቀደመውን ወር ከፈትኩ፤ ያው ደመና። ኢሉባቦር ላይ ደመና የማይተኛው መች ነው? ተናድጄ «እንዲህ ከሆነማ ሄጄ በዓይኔ ልየው!» አልኩ። አለቃዬ ይህን ቃል ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ወዲያው እሺ አለ። አፌ ጉድ ሠራኝ።

ማክሰኞ ገና ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ለልጃቸው የገዙትን ስፖንጅ ፍራሽ ጠቅልለው እግራቸው ሥር አድርገውታል። ወሊሶን ሳናልፍ የፍራሹ ገመድ ተፈታ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ። ፍራሹ እንደ ሊጥ ተነፋፍቶ እኔንም እሳቸውንም ከወንበራችን ጋር አጣበቀን። ረዳቱ መጥቶ ሊጠቀልለው ታገለ፤ አቃተው። «ተዉት፣ እንደውም ይመቻል» አልኳቸው፤ እውነትም የጊቤን በረሃ ተኝቼ አለፍኩት። ጅማ ስንደርስ እናትዬዋ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። እኔ ያደረግሁላቸው ነገር ቢኖር ፍራሻቸው ላይ ማንኮራፋት ብቻ ነው።

ጅማ ያደርኩበት ሆቴል ውኃ የለውም። ይህንን ስሰማ አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤ ጉለሌም ውኃ የምትመጣው እንደ ዘመድ ነው፣ ደስ ባላት ቀን። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ግን አንድ ባልዲ ሙቅ ውኃ ራሷ ተሸክማ ደረጃ ወጣችልኝ። ይህን ደግሞ አዲስ አበባ የሚያደርግልኝ የለም።

ረቡዕ በአጋሮ አድርገን በደሌ፣ ከበደሌ ወደ ያዮ። ከበደሌ በኋላ ዛፎቹ እየቀረቡ፣ እየቀረቡ መጥተው መስኮቱን በቅርንጫፋቸው ይመቱት ጀመር። ከላይ «ደን» ብዬ አረንጓዴ ቀለም የቀባሁት ሁሉ ለካ ሥሩ ቡና ነው፤ ሰው ገብቶ ይለቅማል፣ ቀፎ ይሰቅላል፣ ይኖርበታል። ያዮ ከተማ ልንገባ ስንል ጎማችን ፈነዳ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ጥላ ፈለገ። ሱቅ ያላቸው ጋሼ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ፀሐይ ላይ ስንቀቀል አይተው ጠሩኝና በርጩማ ሰጡኝ። የጾም ቀን መሆኑን እሳቸው ከእኔ ቀድመው አስታወሱ። «ክርስቲያን ነሽ አይደል? ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እንግዲያው ማር» አሉና ከነሰፈፉ በሳህን አቀረቡልኝ፣ ዳቦ ጨመሩበት።

ማር አበላል አላውቅም። ማለቴ እኔ የማውቀው በማንኪያ ከብልቃጥ የሚወጣውን ነው። ይህኛው ከዳቦው ወደ ክንዴ፣ ከክንዴ ወደ ቀሚሴ ወረደ። ልከፍል ብል ጋሼ ሰይድ ተቆጡ። «ጎማ ስለፈነዳብሽ ላስከፍልሽ?» አሉኝ። አውቶቡሱ ውስጥ የቀረውን መንገድ የተጓዝኩት ከንቦች ጋር ነው፤ ቀሚሴን ፈልገው በመስኮት ይገቡ ነበር። ሁሩሙን እንዴት እንዳለፍናት አላየሁም፣ ሳባርር።

መቱ አመሻሹ ላይ ገባን። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጉለሌም አውቃለሁ፤ የመቱ ዝናብ ግን ገብቶ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ንጹሕ ነው። ባለቤቱ «ሶርን ሳታዪ እንዳትሄጂ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ስለ ሶር ፏፏቴ ነገረኝ። እስከ መጨረሻው አላየሁትም፤ ይህንን የሚያነብ የመቱ ሰው ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጉተማ የሚባል ሾፌር በአሮጌ ፒክአፕ መጣ። የመቱ ልጅ ነው፣ ሦስት ቋንቋ ይናገራል፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ከመኪናው ጋር የሚያወራው ሌላ። ገና ስገባ «እትዬ፣ ቀበቶው አይሠራም፣ ይያዙት» አለኝ። እትዬ መባሌ ቀበቶው ካለመሥራቱ ይበልጥ ደነቀኝ። ጉለሌ የታክሲ ረዳት ሁሉ «እህቴ» ነው የሚለኝ። እዚህ በአንድ ሌሊት አረጀሁ።

ኖፓን አልፈን ጥቂት እንደሄድን የመንደሯ መገንጠያ ላይ ደረስን። አሁን መንገዱን ላስረዳችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። መንገዱ ከዋናው ይገነጠልና ኮረብታውን ዞሮ፣ መንደሯን አካልሎ፣ ተመልሶ እዚያው የተገነጠለበት ቦታ ላይ ይገጥማል። አዲስ አበባ የሠራ አንድ የመንደሩ ልጅ «ቀለበት መንገድ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። በቀኝ ብትገቡ ረዘም ያለ፣ ጠጠር የለበሰ፣ ደህና መንገድ ነው። በግራ ብትገቡ አጭር ነው፤ ዳገቱ ወገብ ላይ ግን በበጋም የማይደርቅ ጭቃ አለ። በግራው ቁልቁል ይወረዳል፣ ሽቅብ ግን አይወጣም። የመንደሩ ሰው ሁሉ በቀኝ ወጥቶ በግራ ይወርዳል።

ስልኬ «ወደ ግራ ታጠፍ» አለ።

ጉተማ አየኝ። «ሕመሙን ሳናይ መድኃኒት የለም፤ ታጠፍ» አልኩት። በግራ ወጣን። ከጭቃው ስንገባ ፒክአፑ አንዴ አጓራ፣ ሁለተኛ አጓራ፣ ከዚያ ልክ አልጋው ጋ እንደደረሰ ሰው ቁጭ አለ። ገና በሬን ሳልከፍት አንድ ሽማግሌ ገመድ በትከሻቸው አንግተው፣ ሁለት በሬ እየነዱ ከላይ ብቅ አሉ። ኦቦ ዋቅጅራ ይባላሉ። መኪናውን አይተው፣ እኔን አይተው፣ ወደ ኋላቸው ዞረው ጮኹ።

«ብርቄ! የስልክ እንግዶች ናቸው!»

ከጭቃው በላይ ካለው ቤት አንዲት ሴት እጃቸውን በነጠላቸው እያበሱ ወጡ። «በጋ ነጋን ዱፍተን! እንኳን ደህና መጣችሁ! ግቡ፣ ግቡ፤ መኪናው የትም አይሄድባችሁም» አሉ።

እትዬ ብርቄ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከልጃቸው ከሌሊሴ ጋር ነው የሚኖሩት። ካርታው መኪና ወደዚህ መላክ ከጀመረ ወዲህ ቤታቸው እንግዳ ጠፍቶበት አያውቅም። ቡና ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ለጫጉላ የወጡ ሙሽሮች፣ ቢራ የጫነ መኪና፣ ሁሉም እዚያች ጭቃ ላይ ተቀምጦ እሳቸው ቤት በልቷል። «ቢራ የጫነው ቀን ጎታቹ በዝቶ በሬ አላስፈለገም» አሉ ኦቦ ዋቅጅራ። አንጮቴ በቅቤ፣ እርጎ፣ አይብ በጎመን ቀረበ። አንጮቴን ድንች መስሎኝ በድፍረት ጎረስኩ፤ አይደለም፣ ይበልጣል። እኔ ጉለሌ የምኖርበት ፎቅ ላይ የፊት ለፊት ጎረቤቴን ስም እንኳ አላውቅም። እዚህ መኪናዬ ጭቃ ውስጥ ሳለ ሁለተኛ ሳህን ያጎረሰችኝ ሌሊሴ ናት።

በመሃል ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ።

«ካርታውን የምትሠሪው አንቺ ነሽ?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«የማርመው እኔ ነኝ። የሠራው ሌላ ሰው ነው» አልኩ ፈጠን ብዬ።

«እግዜር ነው ያመጣሽ። እሑድ እኮ የሌሊሴ ሠርግ ነው።»

ነገሩን የሰማሁት ያኔ ነው። ሙሽራው የበደሌ ልጅ ነው፤ አጃቢዎቹም ሾፌሮቹም አገሩን አያውቁትም፣ በስልክ ነው የሚመጡት። በዚህ መንደር ደግሞ ሁለት ነገር አይደረግም። ሙሽራ ሚስቱን ይዞ በመጣበት መንገድ አይመለስም፤ ሊወስድ ሲመጣም ከልጅቷ ደጅ ወደ ኋላ አይልም። ጭቃው ውስጥ የገባ መኪና ደግሞ የሚወጣው ወደ ኋላ እየተጎተተ ነው፤ ዳገቱን ሽቅብ የሚጎትት በሬ አልተወለደም። አምና የጎረቤታቸውን ልጅ ሊወስድ የመጣ ሙሽራ ከነሱፉ፣ ከነአበባው፣ በኦቦ ዋቅጅራ በሬዎች ወደ ኋላ ተጎትቷል። ባልና ሚስቱ ደህና ናቸው፣ ይዋደዳሉ። አማትየዋ ግን እስከ ዛሬ ወተት ሲበላሽ፣ ዶሮ ሲጠፋ፣ «ምን ይደረግ፣ አመጣጣችን ወደ ኋላ ነው» ትላለች።

«ሌሊሴን እንዲህ እያሉ እድሜዋን ሙሉ ሊያነሱባት ነው። እኔ ከእንግዲህ አጠገቧ የለሁም፣ ማን ይመልስላታል?» አሉ እትዬ ብርቄ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ታዲያ ደውለው በቀኝ ግቡ ይበሏቸዋ!» አልኩ። የከተማ ሰው አይደለሁ!

ኦቦ ዋቅጅራ ደነገጡ። «የሴት ወገን መንገድ ያሳያል እንዴ? ኑ ቶሎ ውሰዱልን ማለት እኮ ነው! ፈልጎ የመጣ ራሱ መንገዱን ያግኝ እንጂ።»

«መገንጠያው ላይ ሰው ማቆምስ?»

«ያው ነው።»

«ምልክት መትከልስ?»

«እሱ የባሰ ነው፤ ተጽፎ ይቀራል።»

እትዬ ብርቄ ግን አስበውበት ኖሯል። ቀስ ብለው፣ «ስልክ ቢነግራቸው ግን ነውር የለበትም። ስልክ ዘመድ አይደለም» አሉ። ኦቦ ዋቅጅራ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስልክ ዘመድ አለመሆኑን ሽማግሌ አጸደቀ። የልጅቷ ሠርግ በዚህ መንገድ ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

ዓርብ ጠዋት መቱ ፔንሲዮኔ ውስጥ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የቀድሞው አራሚ የሠራው ስህተት ሥራውን ለማያውቅ ሰው ስህተት አይመስልም። ለስልክ መንገድ ማለት ከአንድ መገናኛ እስከ ሌላ መገናኛ የተዘረጋ ክር ነው፤ ከሀ ተነስተህ ለ ትደርሳለህ። አራሚው ይህን ዙር ግን በአንድ ክር ሥሎ ጫፉን ከጫፉ አስሮታል። ከሀ ተነስተህ ሀ ትደርሳለህ ማለት ነው። ስልኩ «እና መጀመሪያ ምን አስነሳህ?» ብሎ ግራ ይጋባል፤ ቀኙን ከግራው አይለይም፣ ያጠረውን ይመርጣል። ክሩ አንድ በመሆኑም የጭቃዋን ቁራጭ ብቻ ነጥሎ «ሽቅብ አይኬድም» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ዙሩ መቆረጥ አለበት።

ቆረጥኩት። እትዬ ብርቄ ደጅ ላይ አንድ ነጥብ አድርጌ ለሁለት ከፈልኩት፤ የግራው ቁራጭ ላይ ሽቅብ መውጣት ከለከልኩ፤ ላክሁ። ያን ጠዋት ራሴን በጣም ወድጄው ነበር። የሙከራ ስልኬ ለውጡን ቶሎ ስለሚያገኝ «ና እንየው» ብዬ ጉተማን ይዤው ሄድኩ። መገንጠያው ላይ ስልኩ ምን አለ?

«ወደ ግራ ታጠፍ።»

«እትዬ፣ ግራ አለ» አለ ጉተማ።

«ሰምቻለሁ! ትናንት ዝናብ አልዘነበም፣ ደርቋል፤ ሂድ!» አልኩት። እልህ ይዞኝ ነው። አልደረቀም ነበር። ኦቦ ዋቅጅራ በሬዎቻቸውን ይዘው ሲወርዱ ከሩቅ ሳቃቸው ይሰማል። «የስልክ እንግዳ ናፍቃን ተመለሰች!» እትዬ ብርቄ ግን አልሳቁም። የጾም ምሳ አቀረቡልኝ፣ ሽሮ፣ ቃሪያ፣ የተቀቀለ አንጮቴ፣ እና ፊቴን ፊቴን ያዩኝ ጀመር። ያ ምግብ እንደ ሐሙሱ አልወረደልኝም።

ስህተቴ የገባኝ እዚያው ሳህኑ ላይ ነው። ለሁለት ስቆርጠው ቀኙም ግራውም ከመገንጠያው ተነስተው እትዬ ብርቄ ደጅ የሚያበቁ ሆኑ፤ ሁለቱም ከሀ እስከ ለ። ስልኩ ሁለቱን መንታ አንዱን ከአንዱ አላወቀም፤ ክልከላዬን ማን ላይ እንደሚያደርገው ጠፍቶት ያው አጭሩን መረጠ። ሌላ ነጥብ ኮረብታው ላይ ያስፈልጋል፤ ዙር ሦስት ቁራጭ ካልሆነ አይታረምም። ይህን ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የተማርኩት ነገር ነው! አንገቴን ደፍቼ ጎረስኩ።

መቱ ስንመለስ መብራት የለም፤ ከመብራቱ ጋር የፔንሲዮኑ ኢንተርኔትም ሄዷል። ከተማው ውስጥ ጄኔሬተር የሚያጓራበትና ኢንተርኔት ያለበት ቤት አንድ ፀጉር ቤት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ገብቼ ነገሩን ስናገር ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ጢሙን የተላጨ ደንበኛውን ከወንበሩ አስነሥቶ እኔን አስቀመጠኝ። መስታወቱ ፊት ላፕቶፔን ዘርግቼ ሦስቱን ቁራጭ ለየሁ፤ የጭቃዋን ቁልቁል ብቻ አደረግኋት። ግማሽ ጢም ያለው ሰውዬ ከኋላዬ ቆሞ፣ «ሠርግ ነው አሉ? ረጋ በይ፣ ጢም ይጠብቃል» አለኝ። እርማቱ ሲላክ ፀጉር ቤቱ አጨበጨበ። ጄኔሬተሩ ወዲያው ጠፋ። የሰውዬው ጢም በስልኮቻችን ባትሪ እያበራንለት ተጨረሰ።

ቅዳሜ ለሌላ ሥራ ኡካ ሄድን። ካርታ ታርሞ ሲላክ እያንዳንዱ ሰው ስልክ ላይ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ የአንዱ ዛሬ፣ የሌላው ሳምንቱን ሁሉ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የማስበው የሙሽራውን ሾፌር ስልክ ነበር። ኡካ ደስ የምትል ትንሽ ከተማ ናት፤ መንገዷ ላይ የማርመው ነገርም እንደ ኖፓው አላስቸገረኝም። ምሳ የበላንበት ቤት ያለችው ሴት እንጀራ ሳልቆርስ ስቀመጥ ብታየኝ «ታመሻል?» አለችኝ። ጉተማ «የሠርግ ጭንቀት ነው» ብሎ መለሰላት። ሴትዮዋ እኔ የማገባ መስሏት እልል አለች፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ተቀበላት። ማስተባበል ሰለቸኝና እጄን አንስቼ አመሰገንኩ። ያልተጠበቀ ጠጅም መጣልን።

እሑድ መንደሩ ገና በጠዋት በሰው ተሞልቷል። እኛ በቀኝ ገባን። ድንኳኑ እትዬ ብርቄ ደጅ ላይ ተተክሏል። ለጭንቀቴ መድኃኒት አገኘሁ ብዬ «መገንጠያው ጋ ወርጄ ዝም ብዬ ልቁም» አልኩ። ኦቦ ዋቅጅራ በነጭ ልብሳቸው እንደተዋቡ መንገዴ ላይ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ የት ነው?»

«እኔ የአዲስ አበባ ሰው ነኝ፤ እኔን አይመለከተኝም።»

«እዚህ ቤት ስንቴ በላሽ? የእኛ ወገን ነሽ። ቁጭ በይ።»

እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፤ ደስ እያለኝም ተቃጠልኩ። የሴት ወገን ሆኜ ተቀመጥኩ። ሌሊሴ ጓዳ ሆና «እትዬ ምሕረት፣ መጡ?» እያለች ታስጠይቀኛለች። «መጡ ወይ ይባላል እንዴ፣ ሙሽራ እንዲህ ይቸኩላል?» ይላሉ ሴቶቹ፤ ሳቅ። እትዬ ብርቄ ከድንኳኑ ወደ አጥር፣ ከአጥሩ ወደ ድንኳን ይመላለሳሉ።

ከዚያ ክላክስ ተሰማ፤ ከታች፣ ከመገንጠያው። ከበሮው ቆመ። የመኪናው ድምፅ ወደ እኛ መቅረብ ጀመረ። ከዚያ ደግሞ ራቀ። ኮረብታው ጀርባ ገባና ጠፋ። እትዬ ብርቄ ክንዴን ያዙኝ፤ ጥፍራቸው ይሰማኛል። ዘለዓለም የመሰለኝ ቆይታ አለፈና ከበላያችን፣ በጠጠሩ መንገድ፣ በአበባ የተሸለመ መኪና አፍንጫው ብቅ አለ።

በቀኝ ነው የመጡት! እኔ ያኔ የጮኽኩትን ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጮኼ አላውቅም። መኪናው ሲደርስ መስኮቱ ክፍት ነበርና የስልኩ ሴትዮ ድምፅ ለሠርገኛው ሁሉ ተሰማ። «መድረሻዎ ላይ ደርሰዋል» አለች። ሰዉ እልልታውን አቀለጠው። ኦቦ ዋቅጅራ «ይቺ እንኳ ዘመድ ሳትሆን አትቀርም» አሉኝ በጆሮዬ።

ደስታዬ ሳያልቅ ከታች በኩል የማውቀው ዓይነት ማጓራት ሰማሁ። የቪዲዮ ቀራጩ ነው። የእሱ ስልክ ገና አሮጌውን ካርታ ይዞ በግራ አስገብቶታል። መኪናው ከነካሜራው፣ ከነመብራቱ ጭቃዋ መሃል ተቀምጧል። ለእሱ ማን ግድ አለው፣ ሙሽራ አይደለም፤ ወደ ኋላም ወደ ጎንም ቢጎተት አይከፋም። ግን ሙሽሮቹ የሚወጡት በግራ ነው! እሱ እዚያ ከተቀመጠ በመጡበት ሊመለሱ ነው።

በሬዎቹ ሠርግ ነው ተብሎ ጫካ ግጦሽ ተሰደዋል። ኦቦ ዋቅጅራ ነጭ ልብሳቸውን አዩ፣ ጭቃዋን አዩ፣ ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው ለሴቶቹ ሰጡ። ጉተማ ገመድ አመጣ። የበደሌ ወገንና የኖፓ ወገን አንድ ላይ ገብተው በኦሮምኛ እየዘፈኑ ይጎትቱ ጀመር፤ እኔም ከመሃል ገባሁ። ቪዲዮ ቀራጩ መኪናው ላይ ቆሞ ቀረጸን። ተንሸራትቼ የወደቅሁት እዚያ ቪዲዮ ላይ አለ፤ እንዳታፈላልጉት። መኪናው ሲወጣ ከሚዜዎቹ አንድም ሸሚዙ ነጭ የሆነ አልቀረም። ውኃ ተደፋባቸው፣ ታጠቡ፣ እንደዚያው እርጥብ ሆነው ለምርቃት ቆሙ።

ሌሊሴ እናቷን ስትሰናበት አላለቀስኩም ብል ማንም አያምነኝም። የአበባው መኪና ቀስ ብሎ በግራ ወረደ፤ ጭቃዋ ላይ ወገቡን ነቀነቀና አለፈ። ወደ ኋላ አላለም፣ በመጣበትም አልተመለሰም።

ሰዉ ወደ ድንኳኑ ሲመለስ እትዬ ብርቄ ጭቃዋን እያዩ ቀሩ። አጠገባቸው ቆምኩ። ውለታዬን የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር።

«እነሱ ልጄን ወሰዱ፣ አንቺ ደግሞ እንግዶቼን ወሰድሽ» አሉ። በቁጣ አይደለም። «ከነገ ጀምሮ ሁሉም በቀኝ ወጥቶ በግራ ይወርዳል። ማን ይቀመጣል እንግዲህ?»

እኔ ቀኑን ሙሉ የማስበው ስለ ካርታዬ ነበር። እሳቸው በአንድ ቀን ባዶ ቤት ሊገቡ ነው።

ሰኞ ከመነሳቴ በፊት በቀኝ ወጥተን እሳቸው ጋ ቁርስ በላን። ስልኬን አውጥቼ፣ «እትዬ፣ ቤትዎን ካርታው ላይ ላድርገው? የፈለገ ሰው ወዶ ይመጣል» አልኳቸው።

«ምን ብለሽ?»

ካርታው የሚቀበለው ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ጋራዥ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው። አነበብኩላቸው። ሁሉንም ራሳቸውን እየነቀነቁ ገፉት።

«እትዬ ብርቄ በይው። ሌላ ምን ይባላል?»

ጻፍኩት። አዲስ አበባ ስመለስ አለቃዬ «ይህ ምን ዓይነት ድርጅት ነው?» አለኝ። «ድርጅት አይደለም፣ ቤት ነው» አልኩት፤ ያለ ወትሮው አልተከራከረኝም።

ጥቂት ሰነበተ። አንድ ረቡዕ ቀን ጉለሌ መንገድ ተዘግቶብኝ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ብርቄ ናቸው፣ ተናደዋል።

«አንቺ! ምን ዓይነት ሰው ነው የምትልኪብኝ?»

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«ሰዎች መጡ። ተያዛችሁ ወይ ብዬ ወጣሁ። አልተያዙም፣ መኪናቸው ንጹሕ ነው! ዝም ብለው መጡ! በዚያ ላይ በጾም ቀን፤ በቤቴ ሽሮ ብቻ አለ፣ ምን አቀርባለሁ?»

«እና አሁን የት ናቸው?»

«የት ይሆናሉ፣ እየበሉ ነው እንጂ! ቆይ፣ ሽንኩርቱ ሊያርብኝ ነው» አሉና ዘጉብኝ።